«የጎደለሽን እንሞላለን» ላሉት ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር ተውፊቅ፣
ሸረፊያ ለሚገኘው የውበት ማእከል ዋና ኃላፊና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለሠዓሊው፣
ጅዳ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልሁ ለጤናዎ ያለኝን ምኞት እገልጻለሁ። እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ዐይንዎ እንዳይፈዝ፣ በተለይም የታካሚን ሥዕል ከታካሚ ስልክ ሲቀበሉ ጣትዎ እንዳይዝል ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከንዴቱ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ሕሊና አንዷለም እባላለሁ። እንጀራዬ የሕንፃ ምሕንድስና ነው፤ ከሥራ መልስ ግን ሥዕል እሥላለሁ። እርስዎ ለማስታወቂያ የተጠቀሙበትን ሥዕል የሣልሁት እኔ ነኝ። አስፍተውና አሳብጠው ለሕዝብ ስላቀረቡልኝ ማመስገን ይገባኛልና፣ ምስጋናዬን ከነምክንያቱ እዘረዝራለሁ።

ጓደኛዬን ኢሕሳንን ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ። ወሎ የተወለደች፣ እዚህ ጅዳ የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። አምና በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ተወግዷል። ይህን ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም ነበር። እናቷ በዚሁ በሽታ ስለሞተች፣ ያሳደገቻት የመካዋ አክስቷ ወይዘሮ ከድጃ ብትሰማ ትሰበራለች ብላ ፈርታ ነው የደበቀችው። «ትንሽ ልጠንክርና ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ» ትለኝ ነበር።

ከሕመሟ ስታገግም፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ተከራይታ በምትኖርበት ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣን ሳለ በድንገት «ሕሊና፣ አንድ ሥዕል ሣዪልኝ» አለችኝ።

«ምን ልሣልልሽ?»

«እኔን። እዚሁ ልብስ ሳሰጣ ጡቶቼ ሲያድጉ። ሁለቱም! ደግሞ ለይስሙላ እንዳይሆን፤ ቁልፉን በጥሰው ይውጡ፣ ሰፈሩ ይደንግጥ!»

ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበርና እሺ አልኋት።

የመጀመሪያውን ንድፍ ስታየው «ኳስ ለጠፍሽብኝ እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነበር። ቀድጄ እንደገና ጀመርሁ። ሥዕሉ ሲያልቅ ኢሕሳን ገመዱን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ኋላዋ ተለምጣለች፤ የቀሚሷ ቁልፍ በአየር ላይ ነው፤ የጣሪያው እርግቦች ተነሥተው በረዋል፤ እሷ ግን አፏን ሞልታ እየሳቀች ነው። መኝታ ቤቷ ሰቀለችው።

ወደ እርስዎ የመጣችው ጡቷን መልሶ ማሠራት ይቻል እንደሆነ ልትጠይቅ ነበር። ፍርሃቷን ለማባረር ብላ ሥዕሉን ከስልኳ አሳየችዎት። እርስዎም «ማሻአላህ፣ ድንቅ ነው! ላኪልኝ፤ ፍላጎትሽን ላጥናበት» አሏት። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የሚያናግራት ሐኪም ስላገኘች ደስ ብሏት ላከችልዎት። እርስዎም አጠኑት።

የጥናትዎን ውጤት ያየሁት ሸረፊያ ሰሚራ ጸጉር ቤት፣ መስታወቱ ላይ ማስታወቂያ ሆኖ ተለጥፎ ነው። ሰሚራ ጸጉሬን እያበጠረች «አንቺ፣ ይህቺ ኢሕሳን አይደለችም እንዴ? ተሠራች እንዴ? ምነው ደበቀችን?» አለችኝ። ከሥሩ በትልቁ «የጎደለሽን እንሞላለን» ይላል። ማበጠሪያው ጸጉሬ ውስጥ እንዳለ ብድግ አልሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ክብደት። ጡት የሚያድግባት ሴት ምናባዊ ሥዕል፣ ምናብ ስለሆነ ብቻ ከምድር ስበት ነፃ አይወጣም። ጡት ሲከብድ መጀመሪያ የሚያውቀው ጀርባ ነው፤ ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ ተረከዝ። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ኢሕሳን ናት። እርስዎ ግን የተለመጠውን ጀርባ እንደ ብረት ዘንግ አቀንተው፣ ከፊቱ ሁለት ሐብሐብ ሰቅለውበታል። ሰውነትን ሲቀዱ ሲሰፉ የኖሩ ሐኪም አጥንት መኖሩን መዘንጋትዎ ታካሚዎችዎን እንደማያሳስባቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ልብስ። ዕድገት የሚታየው በቆዳ ሳይሆን በጨርቅ ነው፦ ከብብት ሥር በሚሳበው ሽብሽብ፣ ሊለቅ በደረሰው ስፌት፣ በሚፈናጠረው ቁልፍ። ተመልካቹ ትናንት ልኳ የነበረው ቀሚስ ዛሬ እንደጠበባት የሚያውቀው ከዚያ ነው። እርስዎ ቀሚሱን ሙልጭ አድርገው እንደ ቀለም ቀቡት። ቁልፉንም አጠፉት፤ ምናልባት የተዝረከረከ መስሎዎት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊቷ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በመጠኑ አይደለም፤ ሕልሙ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። ሴቲቱ ራሷ ስትደነቅ፣ ስትስቅ፣ በገዛ ሰውነቷ ስትገረም ካላየናት፣ ያበጠ ነገር እንጂ ያደገ ነገር የለም። እርስዎ ሳቋን አውጥተው ጥለው፣ አፏን በትንሹ ከፍተው፣ ዐይኗን አዳክመው፣ ለሌላ ሰው ዐይን የቀረበች ዕቃ አደረጓት። እንድትታወቅ ግን የቀረውን ፊቷን ስለተዉላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አራተኛ፣ ስለ መካ። ማስታወቂያዎ በሐበሾች ስልክ ሲዞር ወይዘሮ ከድጃ ዘንድም ደረሰ። ደወለችና «ይህ የሚዞረው ያንቺ ፊት ነው? ጡትሽን ለማሳበጥ ነው ከእኔ የራቅሽው?» አለቻት። ኢሕሳን «መጥቼ እነግርሻለሁ» አለቻት። በማግስቱ ወደ መካ ሄደች። እኔ ክርስቲያን ስለሆንሁ መግባት አልችልምና እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኝቻት ብቻዋን ላክኋት። የሆነውን የነገረችኝ ስትመለስ ነው።

አክስቷ ፊቷን አዙራ ተቀበለቻት። ኢሕሳን የአክስቷን እጅ ይዛ በግራ በኩል ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

«የታለ?» አለች ወይዘሮ ከድጃ።

«እንደ እማዬ ሆንሁ፣ አክስቴ።»

«መቼ?»

«አምና።»

«ያረቢ! ብቻሽን?»

«ሕሊና አብራኝ ነበረች።»

ወይዘሮ ከድጃ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሲወጣላት ኢሕሳን ይዛው የሄደችውን ዋናውን ሥዕል አሳየቻት። አገላብጣ ብዙ ካየችው በኋላ «ይህቺ ልጄ ናት፤ ሳቋ የእህቴ ነው» አለች። ከዚያ የእርስዎን ሥራ በስልኳ ከፍታ «ይህቺኛዋስ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ኢሕሳን ራሷ ጊዜውን መርጣ፣ አንደበቷን አዘጋጅታ ልትናገረው የነበረውን ነገር፣ እርስዎ በማስታወቂያ ቀደሟት። ለዚህ ፍጥነትዎ ምን ዓይነት ምስጋና እንደሚመጥን እስካሁን አላገኘሁም።

አምስተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። ኢሕሳን፣ አብራት ከመካ የመጣችው አክስቷና እኔ ሦስታችን ቢሮዎ ስንመጣ፣ ታካሚዎችዎ በተቀመጡበት ሳሎን ቆመው በፈገግታ «እመቤቶች፣ ይህ ምናባዊ ሥዕል ነው፤ ሰው አይደለም። ምናብ ደግሞ ባለቤት የለውም» አሉን። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ኢሕሳን ቀደመችኝ፦

«ምናቡ የኔ ነበር፣ ዶክተር። ሰውነቴን በሽታው ሲወስድብኝ የቀረኝ እሱ ነበር።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው፣ ለማካካሻ በቀዶ ሕክምናው ላይ ቅናሽ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። ቅናሽ! ወይዘሮ ከድጃ «ኻላስ፣ በቃ ልጄ፣ ተነሽ። ይህ ሰውዬ ያየው ጡት እንጂ ሰው አይደለም» ብላ እጇን ያዘች። በዚያች ቅጽበት ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ተነሥታ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ሄደችና «የኔንም ፎቶ አጥፉልኝ፤ እዚሁ ቆሜ እያየሁ» ማለቷን ልብ ብለውት ይሆናል። ሌላዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኛ ከወጣን በኋላ ስንቶች እንደተከተሉ አላውቅም፤ እንዳይነግሩኝም እለምናለሁ፤ ደስታዬ እንዳይበዛ።

ነገሩ ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ሰሚራ ማስታወቂያውን ከመስታወቷ ላይ በምላጭ ፍቃ አውጥታዋለች። ከስልክ ስልክ የሚዞረውን ግን ማንም ሊፍቀው አይችልም። ኢሕሳን ለሚመለከተው አካል አቤቱታዋን አስገብታለች፤ መልስ እየጠበቀች ነው። እስከዚያው ሥራ ቦታዋ ሁለት ዓይነት ዐይን ያያታል፤ የሚያፌዝም፣ የሚያዝንም። ሁለቱንም አልወደደቻቸውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍና ከጎኑ ዋናውን ሥዕል ከነስሟ ለሕዝብ እንዳወጣ ያዘዘችኝ ራሷ ናት። «ሥዕሉ አርፎ ይቀመጥ» ብዬ ስለምናት «ሰው ያየኝ በእሱ እጅ ተሥዬ ነው። አሁን በራሴ ሳቅ ይየኝ» አለችኝ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ለሙያዎ መቃናት፣ ለመሐላዎ መታሰብ፣ ለኅሊናዎም ቶሎ መዳን እየጸለይሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታ ሳልጠይቅ፣ የማይገባዎትን አክብሮት ሁሉ አሟጥጬ ያቀረብሁልዎ፣

ሕሊና አንዷለም
ጅዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኢሕሳን በዚህ ሳምንት ሌላ ሐኪም ታያለች። ጡቷን መልሳ ታሠራው፣ ወይም እንዲሁ ትተወው እንደሆነ ለእኔም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አለመጠየቅ እንዴት እንደሚቻል ማጥናት ከፈለጉ ቀጠሮ ልይዝልዎ እችላለሁ፤ ያለ ቅናሽ።