ከወፍጮው ግድግዳ ጀርባ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1974፣ ኮኪት

የወፍጮውን ድንጋይ ስወቅር አረፈድኩ። የማሽላ ሰሞን ነው፣ ሰልፉ ረጅም። ሴቶቹ ጆንያቸውን ደርድረው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። "አገኘሁ፣ ዛሬ አይነሳም እንዴ?" ይሉኛል። ማኑቬላውን አሽከርክሬ አሽከርክሬ ክንዴ ሊገነጠል ሲል ሞተሩ ተነሳ።

ሲነሳ ከግድግዳው ወዲያ ልጄ ጮኸች። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ቤታችንንና ወፍጮውን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ወፍጮውንም ቤቱንም ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ ልጅ የለኝም...

ሚስቴ ውባንች ብቅ አለችና፣ "ወይ ሞተሩን አስወጣው፣ ወይ እኛን አስወጣን!" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከተወለደች ወር አለፋት። እትብቷ በደህና ወደቀ። ያ ቢጫ የነበረ ዓይኗም ጠርቷል። አሁን የሚያስጨንቀን የማታው ልቅሶ ነው። ደግሞ ጡት ጠብታ ስትጨርስ ያስታውካታል። የጤና ነው? በየቀኑ አንድ አዲስ ፍርሃት...

ታኅሣሥ 28

እማማ አየሁሽ፣ የውባንች እናት፣ አራሷን ሊጠይቁ ከደምቢያ መጥተው አልተመለሱም። ዛሬ የልጅቱን አፍ ከፍተው አዩና፣ "እንጥሏ ወርዷል። የሚያስለቅሳት እሱ ነው። ሸኸዲ ከተማ ቆራጭ አለ" አሉ።

"ይቆይ እማማ" አልኳቸው።

"ምኑ ይቆያል? እኔ ሰባቱንም አስቆርጫለሁ።"

ከሰባቱ ያደጉት ሁለት ናቸው። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት።

ክሊኒክ ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ቢሻው ብቻውን ነው የሚሠራው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ። "በዚህ ዕድሜ ሁሉም ያለቅሳሉ" አለኝ። "ስትጠባ አየር ትውጣለች። ትከሻህ ላይ አድርገህ ጀርባዋን መታ መታ አድርግላት። ምላጭ ግን እንዳታስነኳት።"

ማታ አደረግሁት። እንደ ሽማግሌ አገሳች! ውባንች ሳቋ አላቆም አለ። እማማ አየሁሽ ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።

ጥር 30

ክርስትና ተነሳች። በእናቴ ስም ታንጉ አልናት። ቄሱ ውኃ ሲያፈሱባት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላችው። "ጉሮሮ አላት" አሉ። ኮራሁ።

መጋቢት 4

ሙቀት። ጥላው ራሱ ይፋጃል። አንገቷና ብብቷ ችፍ ብሏል። እማማ አየሁሽ በጋቢ ይጠቀልሏታል፣ ብርድ እንዳይመታት። በኮኪት ብርድ!

ሐሚዳ መጣች። ድንበሩን በገላባት ወዲያና ወዲህ እያለች ሳሙናና ስኳር የምትሸጥ ናት፣ ግማሽ ሱዳን ግማሽ የእኛ። እንዳየቻት ጋቢውን ገፈፈችው። "ማሌሽ እማማ፣ ይቅርታ... ሕፃን እንደ ጆንያ አይታሰርም፣ ወላሂ! ታጠቡና አየር ይንካት።" አምባሮቿ ሲንኳኩ ታንጉ አንገቷን አዙራ ፈለገቻት። ስታገኛት ሳቀች።

መጋቢት 16

ትናንት ትኩሳት ጀመራት። ወባ ነው አልን፣ ቢሻው ወግቶ ኪኒን ፈጭቶ ሰጣት። ዛሬ ጡት አልይዝ አለች። ልቅሶዋም ተለውጧል... ቀጭን፣ እንደ ድመት። ሲያነሷት ይብሳል።

ቢሻው መሃል አናቷን ነካ። እርግብግቢቱ ተነፍቷል።  "ማጅራት ገትር ይመስለኛል" አለኝ።

በታች ሰፈር ባለፈው ሳምንት ልጅ የቀበሩት በዚሁ ነው።

"ጎንደር ልውሰዳት?"

"መንገዱ ዝግ ነው። መኪና ያለ ወታደር አጀብ አይንቀሳቀስም፣ አጀቡ የሚመጣበትን የሚያውቅ የለም። እኔ ያለኝን እሰጣታለሁ።"

ያቺ ጭን... መርፌው ከእሷ ክንድ ይረዝማል።

መጋቢት 18

ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። ውባንች "ወሰዳት!" ብላ ጮኸች። አልወሰዳትም።

ወፍጮ አልከፈትኩም። ማንም ለምን አላለኝም። ሴቶቹ እህሉን በእጃቸው ሊፈጩ ይዘው ተመለሱ።

መጋቢት 20

በሕይወት አለች።

መጋቢት 25

ጠባች! ውባንች "አገኘሁ፣ ና እይ፣ እየሳበች ነው" ብላ ጠራችኝ። ቆሜ ጡት ስትጠባ አየሁ። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቢሻው፣ "ገና መርፌው አላለቀም፣ ግን ተሻግራለች" አለኝ። እጁን ልስም ብዬ ጎንበስ ስል ገፋኝ። "ተው እንጂ አንተ ሰው!"

ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ

ትናንት ወፍጮው ቀኑን ሙሉ አላረፈም። ታንጉ ከግድግዳው ጀርባ ተኝታ ዋለች። ዛሬ ደግሞ ሚሊሻዎቹ በዓል ነው ብለው ተኮሱ፣ ውሻው አልጋ ሥር ገባ። እሷ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

"እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሆነች!" ይላል ጎረቤቱ ሁሉ። እማማ አየሁሽ፣ "ሕመሙ ልቅሶዋን ይዞላት ሄደ" ብለው ያመሰግናሉ።

ውባንች ዝም ብላለች። ደክሟት ይሆናል። እኔ ስቄ ልሞት... ልጄ ከሞት ተመልሳ!

ሚያዝያ 19

ዛሬ ሞተሩ ሲነሳ እጄ ማኑቬላው ላይ ቀረ። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ሰጠሁ። ምንም። ድሮ ትጮህ ነበር።

አድጋ ነው። ለምዳው ነው። አይደለም እንዴ? ልጅ ይለምዳል...

ሚያዝያ 21

ሐሚዳ መጣች፣ ከታንጉ ኋላ ሆና ተጫወተች፣ አምባሯን አንኳኳች። ታንጉ የራሷን ጣቶች ማየት ቀጠለች። ሐሚዳ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ግንቦት 2

ልጻፈው።

ውባንች ወንዝ ወርዳለች፣ እማማ አየሁሽ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብዬ ታንጉን በጆንያ አስደግፌ ፊቷን ወደ በሩ አድርጌ አስቀመጥኳት። ከኋላዋ ሆኜ ባዶ የናፍታ ጣሳ በብሎን መፍቻ መታሁ። ቀስ ብዬ። ከዚያ ጠንከር አድርጌ። ከዚያ ባለ በሌለ ጉልበቴ... የራሴ ጆሮ ጮኸ። እሷ በሩ ላይ የምትሄደውን ዶሮ እያየች ነው።

ቀና ስል ውባንች በጓሮ በኩል ቆማለች። እንስራዋን እንዳዘለች።

"እኔ በድስት ክዳን ሞክሬዋለሁ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስትስቅ ነበራ። ስንት ቀን ሳትበላ ሳትጠጣ ኖረህ፣ ገና መሳቅህ ነው። እንዴት አድርጌ ልንገርህ?"

እንስራውን አወረድኩላት። ሁለታችንም መሬት ተቀመጥን። ታንጉ ዞር ስትል አየችንና እጇን ዘረጋች፣ አንሱኝ ብላ። ማን ቀድሞ እንዳነሳት አላስታውስም።

ግንቦት 6

ለእማማ አየሁሽ ነገርናቸው።  "ያ መርፌ ነው! መርፌው ነው ያደነቆራት። እኔ ጸበል ብል ማን ሰማኝ?" አሉ።

ቃላቸው አላስቀምጥ አለኝ። ክሊኒክ ሄጄ ቢሻውን ጠየቅሁት። መርፌው ይሆን እንዴ?

ያጥበው የነበረውን ሲሪንጅ አስቀመጠ። "በሽታው ነው፣ አገኘሁ። አንዳንዱን ይገድላል፣ አንዳንዱን እንዲህ አድርጎ ይተዋል። በዚያ ሰሞን ስንት ሕፃን ቀበርን? አብረን አይደለም የቆምነው?" ሲሪንጁን መልሶ አነሳ። "ባልወጋት ኖሮ ዛሬ መጥተህ ይህን አትጠይቀኝም ነበር።"

እውነቱን ነው። አፈርኩ። በሩ ላይ ሆኜ ይቅርታ አልኩት፣ ሲሪንጁን ማጠብ ቀጠለ።

ግንቦት 7

ቢሻው ማለዳ ቤት መጣ። ታንጉን አቀፋት። ስለ ትናንቱ አንድም ነገር አልተነሳም። "አጀቡ ሲመጣ ጎንደር ሂዱ፣ ሐኪሙ ይያት" አለን።

ሰኔ 11፣ ጎንደር

ከወታደር ጋር ተጭነን መጣን። ጭልጋ ላይ ብርድ አገኘን፣ ታንጉ ብርድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። ብዙ ነገር አደረገ። ብረት አንቀጥቅጦ ከጆሮዋ አስጠጋ፣ ከኋላዋ አጨበጨበ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ ሳበ። ያኔ ገባኝ።

"የጆሮዋ ነርቭ ነው። መድኃኒት የለውም። ግን ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ ዓይኗ ደህና ነው፣ አእምሮዋ ደህና ነው። ለመሄድ ትንሽ ትዘገይ ይሆናል እንጂ ትሄዳለች።"

ውባንች፣ "ድምፅ ታወጣለች እኮ ዶክተር፣ 'ባ ባ' ትላለች" አለችው።

"ትላለች። ራሷን ስለማትሰማ ግን ቀስ በቀስ ትተወዋለች።"

ይህን ባይነግረን ምን ነበረበት? የለም... ይንገረን።

ሰኔ 15

ኮኪት። ዝናብ። እማማ አየሁሽ በር ላይ ሲጠብቁን ፊታችንን አይተው አልጠየቁም። ልጅቱን ተቀብለው እሹሩሩ ይሉላት ጀመር፣ እንደ ወትሮው። ውባንች "እማዬ፣ አትሰማም እኮ" አለቻቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔ ሌላ ማስተኛ አላውቅም።"

ሐምሌ 23

"ባ ባ" አለች፣ ጠዋት። ሁለታችንም እጃችን ላይ የያዝነውን ትተን አዳመጥን።

ጥቅምት 19 ቀን 1975



ሞተሩ እየሠራ ነው። ሰሊጥ አጫጆች ከጎጃም መጥተዋል፣ ለስንቅ የሚያስፈጩ፣ ቤቱ ሞልቷል። የጓሮው በር ክፍት ኖሯል። ታንጉ በዳዴ ገባች። ቀና ስል ሞተሩን ከወፍጮው ከሚያያይዘው ቺንጋ አጠገብ ናት። የሚሽከረከረውን እያየች፣ እጇን ዘርግታ እየቀረበች።

"ታንጉ!" ብዬ ጮኽኩ። የጎጃሞቹ አጫጆች ሁሉ ደርቀው ቆሙ። ሰልፉ ደርቆ ቆመ። ከሁሉ እሷ ብቻ አልቆመችም።

በጆንያው ላይ ዘለልኩ። ስይዛት ጣቷ ከቺንጋው ስንዝር አይርቅም ነበር። ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

ተቆጣኋት። ጮኽኩባት። አንዱ አጫጅ፣ ሽማግሌ፣ ክንዴን ይዘው "ተው ልጄ፣ ተው" አሉኝ።

የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ድምፄ ያቆማት ነበር። በድምፅ አልደርስላትም። በሩን ብዘጋ ነገ ሌላ ሰው ይከፍተዋል። እንዴት አድርጌ ነው እዚህ የማሳድጋት?

ጥቅምት 22

ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወፍጮውን እለቃለሁ አልኳቸው።

"አብደሃል? ሰው ይህን ቦታ ሲመኝ! ምን ልትሠራ?"

"የማሽላ ጥበቃ ይስጡኝ።"

"ቤቱም አብሮ ይሄዳል እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ለውባንች ስነግራት ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች።

ኅዳር 10

ዓመት ሞላት። ዳሷችን ከማሳው ዳር ናት፣ ቀን ቀን ትፋጃለች፣ ጊንጥም አይጠፋ። ግን ሞተር የለም። እማማ አየሁሽ ወደ ደምቢያ ተመለሱ። ሲሄዱ አንገቷን ስመው ስመው...

ታኅሣሥ 30

"ባ ባ" ማለት ትታለች። የመጨረሻዋ መቼ እንደነበረች እኔም ውባንችም አላስተዋልንም።

ጥር 22

መሄድ ከጀመረች ሰነበተች። እየተንገዳገደች ነው፣ ግን ትሄዳለች።

ዛሬ ወደ ከተማ ይዣት ወጣሁ። ሌላው አባት ልጁን ከኋላው አስከትሎ ይሄዳል፣ ብትቀር ይጠራታል። እኔ አስቀድሜያት ነው የምሄደው። እሷ ድንጋይ ስታነሳ እቆማለሁ፣ ስትነሳ እነሳለሁ። ከተማ ለመድረስ ጠዋቱ አለቀ።

መንገዱ ላይ አጫጆችን ወደ ደጋ የሚመልስ የጭነት መኪና ከኋላ መጣ። ጥሩምባውን ነፋ። ዘልዬ አነሳኋትና ወደ ዳር ወጣሁ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ደንቆሮ! አትሰሙም?" ብሎ ጮኸብን።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንጋይ አነሳበት ነበር።  ታንጉ ትከሻዬ ላይ ሆና ቀና ብላ ጭነቱ ላይ የተቀመጡትን አየች። እጇን አወዛወዘችላቸው። እነሱም፣ ያ ሁሉ ሰው፣ አቧራ የለበሰ፣ እጁን አወዛወዘላት። መኪናው እስኪጠፋ ድረስ።

አቧራው እስኪያርፍ ቆምን። ከዚያ አወረድኳት። ከፊቴ ሄደች።