ቦቴው ያለፋት መንደር

ጥር 6
ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ አናት ይበሳል። የውኃ ቦቴ የሚሄድላቸውን መንደሮች ዝርዝር ጨረስኩ። ድሮ ካርታውን በእጅ ስንስል ሳምንት የሚፈጅብንን ኮምፒውተሩ በደቂቃ ሠራው። ከውኃ የራቁት ዘጠኝ ሆነው ወጡ። አስፈርሜ ላክኩ። ደግሞ ማየት? ሃያ ስድስት ዓመት ካርታ ላይ ለኖረ ሰው...

ጥር 11
ከሸደር ወዲያ ካለች መንደር ሱጉሌ የሚባሉ ሽማግሌ ጅጅጋ ቢሯችን ደወሉ። "ቦቴው መጣ፣ አየነው፣ አልፎን ሄደ" አሉኝ። ጉድጓዳቸው ከደረቀ ሁለት ሳምንት። አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝርዝሩን አየሁ... የሉም። ለምን የሉም?

ጥር 12
አዲሷ ባለሙያ ኻድራ አገኘችው። ለካ ዝርዝሩን የሠራሁ ቀን ካርታው ላይ ቀለማቸውን ልቀይር ብዬ መንደሮቹን ስመርጥ ሦስቱን ስቻለሁ። ምርጫውን ሳላነሳ ርቀት የሚለካውን መሣሪያ አስነሳሁት። እሱ ደግሞ የተመረጡትን ብቻ ለክቶ ሌሎቹን ዝም ብሎ ተዋቸው።

"ሶፍትዌሩ ነው" አልኳት። እንዴት አላፈርኩም? አልሳቀችብኝም። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን የመሣሪያውን መስኮት ትክ ብላ አይታ፣ "ጋሽ ጌታሁን፣ ይሄ ግን ለምን አልነገረዎትም?" አለች።

ዝርዝሩን አርማ ለአለቃችን ለዐብዲሓኪም ወሰደችለት። "ሦስት መንደር ተዘሏል" አለችው። ማን እንደዘለለ ትንፍሽ አላለችም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም።

ጥር 14
ቦቴው እነ ሱጉሌ ዘንድ ደረሰ። ተመስገን።

ለእኔ ነገሩ አለቀ። ለኻድራ ገና ነው። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ችግሩን ጽፈን እንላክላቸው አለች። ከመላኳ በፊት ግን አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እኔ የለሁም ብለው ያንን ዝርዝር እንደገና ይሥሩ" አለችኝ። እንዴት ነው የሌለሽው... እጄ ያመነታበትን ሁሉ ትጽፋለች። ቀጥሎ ከመዝገብ ቤት ሳጋልን፣ ከዚያ ራሱን ዐብዲሓኪምን አስቀመጠች። እኔ እያወቅኩት እንኳ፣ ሦስታችንም እዚያው ቦታ ላይ ሳትን። ዐብዲሓኪም ሲስት ቅልል አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ይህቺ ልጅ ግን ይህን ሁሉ ከየት ተማረችው?

ጥር 15
የምትልከውን እያነበበች ተረጎመችልኝ። "ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ባለሙያ ተሳስቷል። እሱ ከተሳሳተ መታረም ያለበት የመሣሪያው መስኮት ነው።" እንዲህ አድርጎ ያከበረኝ ሰው ትዝ አይለኝም።
"ስምዎን ልጻፍ?"
"ተይው።"
ተወችው።

የካቲት 20
ከሠሪዎቹ አንዱ "ተጠቃሚው ቢጠነቀቅ ይበቃል" ብሎ መለሰ። ደሜ ፈላ። እኔ ብሆን ልክ ልኩን ነበር የምነግረው። ኻድራ የሦስታችንን ሙከራ አንድ በአንድ ዘርዝራ ላከችለት። ሦስት ሰው፣ አንድ ቦታ። ማምሻውን "ልክ ነሽ" ብሎ ጻፈ። አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣት...

ሰኔ 3
አዲሱ እትም ተጫነ። እንደዚያን ቀን ሦስቱን ትቼ መረጥኩና መሣሪያውን ከፈትኩ። ከማስነሻው ቁልፍ በላይ በቢጫ ተጽፏል፦ ከ34ቱ በተመረጡት 31 ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ይቀጥል?

ቁልፉን ሳልነካ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ኻድራን ጠራኋት። አየችው። "ወላሂ ሠሩት" ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እየጨፈረ ጅጅጋን በባጃጅ ይዞር ነበር።

በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ለሠሪዎቹ ጻፍኩ። አመሰግናለሁ፣ ኻድራ የነገረቻችሁ የተሳሳተው ባለሙያ እኔ ነኝ። ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ። ዐብዲሓኪም ቢሮ ገብቼም ነገርኩት።

የመጨረሻው ከበደኝ። ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ደወልኩ።
"ያኔ የዘለልኳችሁ እኔ ነኝ" አልኳቸው ሱጉሌን።
"ገምቼ ነበር" አሉ። ቀጥለውም፣ "አሁን ዘንቧል። ና፣ ወተት አለ።"