በመስቀል ሰሞን ወደ ፒዮንግያንግ

ሐምሌ 6

ዝናብ። ወልቂጤ ጭቃ ብቻ ሆናለች፤ ባጃጁ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ልጆቼ ብቻ ናቸው የሚመጡት። አዳራሹ ያፈሳል። ጠረጴዛውን ከሚያፈሰው ጎን ወደማያፈሰው ስንገፋ ዋልን።

ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ ከፌዴሬሽን ተደወለ።

"ወይዘሪት ውድነሽ፣ ፓስፖርትሽ ጊዜው አላለፈበትም አይደል?"

የት ሄዶ ያልፍበታል? የትም ወጥቶ አያውቅም...

"ውድድር አለ። ዳኛ ይፈልጋሉ። ሰሜን ኮሪያ።"

"ደቡብ ማለትህ ነው?"

"ሰሜን አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።"

እኔ? የቡኢ ልጅ? ሳቄ መጣ። ሳላስብ እሺ አልኩት።

ሐምሌ 7

እንቅልፍ የት አለ! ቀኑን ልብ ያልኩት ዛሬ ነው። መስከረም 9 መሄድ፣ 18 ከዚያ መነሳት። መስቀል መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

መደንገጥ ነበረብኝ። ጉራጌ ነኝ እኮ። ሰው ከየትም ከየትም ሱቁን ዘግቶ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ እኔ ልወጣ ነው። ደነገጥኩ? ኧረ ደስ አለኝ። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ምን አስዋሸኝ።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። መስቀል በመጣ ቁጥር የቡኢው ቤት ይሞላል፣ ወንድሞቼ ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው። ምርቃቱ እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም ይዞራል። "ለከርሞ ከነባልሽ ያምጣሽ!" አሜን እላለሁ። ስንት ዓመት አሜን አልኩ... ባል አልፈልግም። ማንም አልከዳኝም፣ ልቤም አልተሰበረም። ብቻዬን መኖር ይመቸኛል፣ በቃ። ይኼን ግን ለማን ይነገራል? አሜን ማለት ይቀላል።

ዘንድሮ ግን ስልክ እንኳን የማያገኘኝ አገር ነኝ። እግዜር ይስጣቸው!

ሐምሌ 15

የመግቢያው ደንብ መጣ። እንግሊዝኛው በዛብኝና ለያረጋል ወሰድኩለት። ያረጋል እኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። የጎጃም ሰው ነው፣ ክትፎ ላይ ግን እኛን ያስንቃል። ቁርስ ቤት ተቀምጠን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ አስተናጋጇ ሥራዋን ትታ ታዳምጣለች።

ጋዜጠኛ አይገባም። ያለ አስጎብኚ ከሆቴል መውጣት የለም። ወታደር ፎቶ ማንሳት የለም። የመሪዎቹ ሐውልት ፎቶ ከተነሳ ሙሉውን ነው፣ እግር መቁረጥ አይቻልም። ስለ አገሩ የተጻፈ መጽሐፍ የለም። የሃይማኖት መጽሐፍ የለም...

"መተንፈስ ብቻ ነው የቀረሽ" አለ ያረጋል። "ቆይ፣ እሱንም የሚቀጥለው ገጽ ላይ እንየው።"

አስተናጋጇ፣ "ታዲያ ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?" አለችው። እኔን አይደለም የጠየቀችው፣ እሱን።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አውሮፕላን የምንቀይረው ቤጂንግ ነው፤ ስንሄድም ስንመለስም። ስለዚህ የእነሱም ቪዛ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ አገሬ እንደምመለስ ማሳመን አለብኝ።

"ባል?" አለ ያረጋል፣ እስክሪብቶውን ይዞ።

"የለም።"

"ልጅ?"

"የለም።"

"ቤት?"

"ኪራይ።"

"እና ምንድን ነው የሚመልስሽ?"

አፌ ላይ የመጣልኝ "የሚያፈስ አዳራሽ" ነው። ስቀን ስናበቃ ግን ትንሽ ከፋኝ። ባል ከሌለኝ የምመለስበት የለኝም ማለት ነው?

ሐምሌ 24

የሥራ ደብዳቤ ከትምህርት ቤት አገኘሁ። ፈቃዱም ተጻፈ። ያረጋል፣ "ፋይሉ አሁንም ይቀጥናል፣ ከማኅበረሰቡ አንድ ነገር ጨምሪበት" አለኝ።

እኔ ደግሞ ሞኟ ለእትዬ ሰርካለም ነገርኳት። የቅቤ እቁባችን ሊቀመንበር ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ለመስቀል ቅቤ የምናጠራቅምበት። "ይኼ ነው የቸገረሽ?" ብላ እዚያው ጻፈችልኝ። ማኅተም እንዳላቸው እንኳን አላውቅም ነበር።

"ወ/ሪት ውድነሽ ከተወለደች ጀምሮ አንድም መስቀል ከቤተሰቧ ተለይታ የማታውቅ፣ የዘንድሮውንም ቅቤዋን እኛ ዘንድ ያስቀመጠች ስለሆነች፣ ቅቤዋን ጥላ የትም የማትቀር መሆኗን እናረጋግጣለን።"

ያረጋል ሲተረጉመው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ግን ተረጎመው። ከወረቀቶቼ ጋር ተያያዘ።

ነሐሴ 4

ቡኢ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ፍልሰታ ነው፣ ጾሟን ይዛለች። ደንቡን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ እንድትፈራልኝ ብዬ ይሁን እንድትከለክለኝ እኔ እንጃ።

"ብቻሽን አይተዉሽም?"

"አዎ እማዬ። የትም ስሄድ ሁለት ሰው አብሮኝ ነው።"

"ደጎች ናቸው። እንግዳ ብቻውን አይተዉም" አለች። ስለ ሰሜን ኮሪያ እንዲህ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም!

ውዳሴ ማርያሜን ይዤ መግባት እንደማልችል ስነግራት ትንሽ አሰበች። "በቃልሽ ትይዋለሽ አይደል? እሱን ማን ይፈትሸዋል።"

ከዚያ ቀኑን ነገርኳት። አተር መልቀሟን ቀጠለች። ተቆጪኝ እንጂ! አልተቆጣችም። "በሰላም ይመልስሽ" ብቻ። ማታ ከአዲስ አበባ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደበሌ ደወለ፣ እሱ የእሷን ድርሻ ጨምሮ ተቆጣኝ። "በመስቀል? አብደሻል?"

ነሐሴ 20

አዲስ አበባ። የቤጂንጉ ቪዛ ጉዳይ። ላቤ እስካሁን አልደረቀም።

ወረቀት የምትቀበለው ልጅ የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ስሜን ስትጠራው አነጋገሯ ጉራጌ መሆኗን ነገረኝ። ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ምን ጥሩ ነው! የቅቤውን ደብዳቤ አገኘችው። የአማርኛውን ነው የምታነበው፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"አንድም መስቀል ቀርታ አታውቅም ይላል።"

"አዎ።"

"መስቀል ይመልሳታል ነው የሚለው።"

"አዎ።"

የጉዞውን ቀን አየችው። ደብዳቤውን አየችው። እኔን አየችኝ።

"እህቴ... መስከረም አሥራ ሰባት ምንድን ነው?"

ወይ ጉዴ! እኔም ያረጋልም እትዬ ሰርካለምም አላየነውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውሸት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

"ከመስቀል ነው የምሸሸው" አልኳት።

"ምነው?"

"ለከርሞ ከነባልሽ..." ጀመርኩ።

"...ያምጣሽ!" ብላ ጨረሰችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እኔንም ጀምረውኛል እኮ!"

ከኋላዬ የተሰለፉት ይንጫጫሉ። እሷ አልቸኮለችም። "ቅቤሽ ጥሬ ነው ንጥር?" አለችኝ።

"ንጥር።"

"ንጥር አይበላሽም። እንግዲያው ትመለሻለሽ።" ከዚያ ኮስተር አለች። "ውሳኔው የእኔ አይደለም። ሥራሽን የሚያሳየው ደብዳቤ ጥሩ ነው፣ እሱ ይበቃል። ይቺን ግን መልሰሽ ውሰጃት፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት አልችልም።"

ጳጉሜን 2

ቪዛው ወጣ! ሁለቱም! የሰሜን ኮሪያው ፓስፖርት ላይ አይለጠፍም፣ ለብቻው ቁራጭ ወረቀት ነው። አሥር ጊዜ አየሁት። ልጆቼ አዳራሹ ውስጥ ተሸክመው አዞሩኝ።

መስከረም 7

ቡኢ ነኝ፣ እማዬ ጋ። ነገ አዲስ አበባ፣ ከነገ ወዲያ በረራ። ያረጋል፣ "ደብተር ይዘሽ አትሂጂ፣ ጋዜጠኛ ትመስያለሽ" ስላለኝ እዚሁ የድሮ መጻሕፍቴ መሃል እተዋታለሁ።

ግድግዳው ተለቅልቆ አልቋል። ኮባ ደርድረዋል። ቤቱ መስቀል መስቀል ይሸታል። ደስ ሊለኝ ነበር አይደል የሚገባው? ቅድም እማዬ ቆጮ ስትከትፍ ከኋላዋ ቆሜ አልቅሼ ነበር። አላየችኝም።

መስከረም 20

ገባሁ!! መስቀል አልፏል፣ ሁሉም ወደየሱቁ ተመልሷል፣ እማዬን ብቻዋን አገኛታለሁ ብዬ ነበር። ግቢው ውስጥ መኪና። ጋሼ ደበሌ መርካቶ ያለውን ሱቁን አልከፈተም። ሌሎቹም አልሄዱም። "ሰው ሳይሟላ መስቀል ያልቃል እንዴ?" አለች እማዬ።

ፓስፖርቴን ተቀባብለው አገላበጡት። ከቤጂንጉ በቀር ምንም የለበትም፤ ያቺን የሰሜን ኮሪያ ቁራጭ ወረቀት ስወጣ ወሰዷት። "ታዲያ መሄድሽን በምን እንመን?" አለ ጋሼ። እንደ ቪዛ መርማሪ ይፎክርብኛል።

ደክሞኛል፣ ግን ይቺን ሳልጽፍ አላርፍም። አስጎብኚዎቼ ሁለት ነበሩ፣ አንዷ ጠና ያለች ሴት፣ ሚስስ ፓክ። ከኤርፖርት ስንወጣ አውቶቡሱ ውስጥ ደንቡን ሁሉ ነገረችን። ይኼ አይቻልም፣ ያ አይቻልም። ስትጨርስ አጠገቤ ተቀመጠችና ዝቅ ብላ በእንግሊዝኛ፣ "ስንት ዓመትሽ ነው? ባል አለሽ?"

ሳቅኩ! ማቆም አቃተኝ። ሁለተኛው አስጎብኚ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ። ከስንት ወረቀት፣ ከስንት ቪዛ በኋላ፣ ሰው እንደልቡ በማይገባበት አገር፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላኝ!

"የለኝም" አልኳት። ከዚያ አፌ ቀጠለ። "አልፈልግምም።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። በሰው ቋንቋ ስለሆነ ይሆን የቀለለኝ? ሚስስ ፓክ እጄን መታ መታ አድርጋ፣ "ምናልባት በሚመጣው ዓመት" አለችኝ። ኧረ በማርያም!

መስቀል ዕለት ፍጻሜውን ዳኘሁ። ጥሩ ዳኘሁ። ማታ በሆቴሉ መስኮት ባዶ ሰፊ መንገድ እያየሁ ሁሉም ናፈቁኝ። ጫጫታው፣ የጋሼ ቁጣ፣ ምርቃቱ ሳይቀር። ከእነሱ አይደለም የሸሸሁት ለካ፣ ከአሜኑ ነው።

መስከረም 21

ትናንት ደብተሬን ከዘጋሁ በኋላ እራት ቀረበ። የእኔ ቅቤ፣ እትዬ ሰርካለም የላከችው የእኔ ድርሻ። ጋሼ ደበሌ ሊመርቀኝ ተነሳ።

"ለከርሞ ከነ..."

"ጋሼ ቆይ፣ አሜን አልልም።"

ልጆቹ ሳይቀሩ ወደ እኔ ዞሩ።

"ባል አልፈልግም" አልኩ። "ዛሬም አልፈልግም፣ ለከርሞም።"

ጋሼ ተመልሶ ተቀመጠ። እማዬ ጉርሻዋን አስቀመጠች።

"ታመሻል?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ያስከፋሽ ሰው አለ?"

"የለም እማዬ።"

"ብቻሽን ስትሆኚ... አይከፋሽም?"

"አይከፋኝም። ደስ ይለኛል።"

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ምን አለች? "ታዲያ ጃንጥላውን ምን ላድርገው?"

የምን ጃንጥላ? ለካ ለማርያም ተስላ ኖሯል፣ እኔ ሳገባ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ልታስገባ። ከገዛችውም ዓመታት አልፈዋል። የጋሼ ሚስት ታውቅ ነበር፣ የአገር ሴት ሁሉ ያውቅ ነበር፣ እኔ ብቻ...

"ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ" አለች እማዬ። ቁጣ የለበትም። "ብል ሊበላው ነበር እኮ።"

ዛሬ ማርያም ናት። በጠዋት ቀሰቀሰችኝ። ጃንጥላውን ዘርግታ አሸከመችኝ፣ ቀይ ከፋይ ነው፣ ይከብዳል። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ በእልልታ፣ ጋሼ ደበሌ ጋቢውን እያስተካከለ። መንገድ ላይ ሴቶቹ ከየደጃፋቸው ወጡ።

"ውድነሽ አገባች?"

"አይ" አለች እማዬ። "ልጄ ከሩቅ አገር በሰላም መጥታልኝ ነው።"

እልልታዋን ግን ለሠርግ ካስቀመጠችው አልቀነሰችም።