ስምዎን ለአምስት ዓመት የፈለጉ ሰዎች

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለአቶ አወል ሰይድ
ኮምቦልቻ

አባባ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረሙ? ትከሻዎ ብርድ ሲነካው አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ እማማ አሸንፋ ሐኪም ቤት ወሰደችዎ? ባለፈው ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ብቻ ብለው አልፈዋል፤ እርስዎ እንዲህ ሲሉ እኔ ይበልጥ እሰጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ጥርሴም በሙሉ በቦታው አለ፤ ይህን የምጽፈው እማማ ደጋግማ ስለጠየቀች ነው።

ሥራህ ምንድን ነው ያሉኝን በሁለት ደብዳቤ ሸሽቼዋለሁ። ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ሳህን ማጠቡን ከተውኩ ዓመት አልፎኛል። አሁን እንጀራዬ ትግል ነው። ነገር ግን ጎረምሶች ሜዳ ላይ እንደሚገጥሙት አይደለም። እዚህ ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢት ስለሆነ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመን ተነጋግረን ነው የምንገባው። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ እንደሚጠቁር ይታየኛል። እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ተሸነፍ የተባልኩ ቀን ወንድነቴ እምቢ ብሎኝ ሮይ የሚባለውን አሰልጣኜን ከምር ጥዬ አንገቱን አንቄ ያዝኩት። ሰው ሁሉ ደነገጠ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ አንገቱን እያሻሸ ተነሣና፣ እዚህ የሰው አንገት ሲሰጥህ አደራ ነው አለኝ። አደራ ማለቱን እኔ ነኝ በእኛ ቋንቋ የተረጎምኩት፤ ያለው ግን እሱኑ ነው።

ሮይ ሃምሳን አልፏል። መቶ ኪሎ የምመዝነውን እኔን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሲወረውረኝ ለሚያይ ሰው አከርካሪዬ የተሰበረ ይመስለዋል። እኔ ግን እንደ እንቁላል ተይዤ ነው የምወርደው። እንዲህ ያለ ጥበብ በሰው እጅ ላይ መኖሩ ሱብሃነላህ ያሰኘኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በኋለኛው ስሙ ነው። ወረቀቴ ላይ ዒምራን አወል የሚል አይተው አወል አሉኝ፤ እኔም እንደ ሞኝ ዝም አልኩ። ነሐሴ ላይ አንድ ትልቅ አዳራሽ ገባን። መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ስምንት ሺህ ሰው ተነሥቶ በአንድ አፍ «አወል! አወል!» ይል ጀመር። ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። የገበያ ሕፃን እንኳ ጋሼ ሳይል የማይጠራዎትን ሰው፣ አይተውዎት የማያውቁ ፈረንጆች ደረታቸው እስኪሰነጠቅ ይጠሩዎታል። አለቀስኩ አባባ። ሰው ሲያየኝ ላብ አስመስዬ ጠረግኩት።

ትግሉን የሚያዘጋጀው ድርጅት አሁን የአምስት ዓመት ውል አቅርቦልኛል። በዓመት ሁለት መቶ ቀን ከከተማ ከተማ መዞር ነው። መንገዱን አልፈራሁትም፤ ጉልበቴም ገና ነው። የያዘኝ ሌላ ነው። ከፈረምኩ አወል የሚለው ስም የድርጅቱ ይሆናል፤ ብወጣም አይመልሱልኝም። የድርጅቱ ባለቤት ደግሞ የሚያስበውን በቃል ነገረኝ። ሕዝብ የወደደው ሰው ሲከዳው አዳራሽ ይሞላል፤ ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ አወል አጭበርባሪ ይሁን አለኝ። ከኋላ ይመታል፣ ዳኛውን ያታልላል፣ ሕዝቡም ይሰድበዋል።

እርስዎ ኮምቦልቻ እህል በረንዳ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ይዘዋል። አወል የመዘነው አይደገምም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ለባለቤቱ ስሙ የእኔ እንዳልሆነ፣ የአባቴ እንደሆነና አባቴም በሕይወት እንዳለ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከምሬ መሆኑ ሲገባው፣ እንግዲያው ዒምራን ተባል፤ ዒምራንን ግን የሚያውቀው የለምና ከትንንሾቹ አዳራሾች እንደገና ትጀምራለህ አለኝ። እስከ ማክሰኞ ጊዜ ሰጥቶኛል።

ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ባለ ታክሲው ይርጉ፣ ሳይን አድርግና ተገላገል፤ ኮምቦልቻ ማን ያየዋል ይለኛል። እውነቱን ነው፣ እርስዎ አይሰሙትም። በየቀኑ የምሰማው እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ፈቃድ ልጠይቅዎ ነበር። እዚህ ስደርስ ጥያቄው ራሱ አሳፈረኝ። ወረቀቱ እስኪደርስዎም ማክሰኞ ማለፉ ነው። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ያን አዳራሽ ዳግመኛ ላላየው እችላለሁ። ቢሆንም ቅዳሜ አወል ወደ ትግሉ መድረክ ለመጨረሻ ጊዜ ይወጣል። ሮይን ለምኜ እሺ አሰኝቼዋለሁ፤ ያለ አንዳች ተንኮል ይጥለኛል፣ እኔም ተነሥቼ በሰው ሁሉ ፊት እጁን እጨብጣለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚሰድቡት ሰው ቢፈልጉ ዒምራን አለላቸው።

እማማን ጉልበቷን ሳምኩ ይበሉልኝ። እህቴ ሃዲያ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሼህ ዓብዱልጀባር በዱዓቸው እንዳይረሱኝ አደራ። እርስዎ ደግሞ ይቆጡኝ እንደሆነ ተቆጥተው ይጻፉልኝ፤ ብቻ ይመርቁኝ።

ልጅዎ ዒምራን

ሲያትል፣ ጥቅምት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.