ከበራፋችን እስከ ባሕሩ

ጎዳቫሪ ወንዝ አፍ፣ ምሥራቁ ባሕር ዳር፣ መጋቢት 3 ቀን 1962 እ.ኤ.አ.

ለውድ ባለቤቴ ለትሬሲያ፦

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የወገቤም ሕመም ረስቶኛል። ከበራፋችን እስከ ባሕሩ ገና አሥራ አንድ እርምጃ ይቀራል ብለሽ የጻፍሽው ትናንት ደረሰኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ወሬዬን ስሚኝ፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል!

ለልጃችን ለፊሎሚና ባል ጀልባ ልሠራለት አይደል የመጣሁት? ሠራሁ። የእኛ አገር ጀልባ፣ ሆዷ ጠባብና ጥልቅ፣ አንደኛ ነገር። ቅዳሜ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ገፋናት፣ ገፋናት፤ ውሃው ጉልበታችን ሳይደርስ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ወይ ፍንክች! አማቻችን ዴቫዳናም መሬት መሬት ያያል። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቆታል፤ አማቱን ማረም አፍሮ ነው ዝም ያለው። እናቱ ራትናማ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

«ወንድም ፓይሊ፣» አለችኝ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ ፊሎሚና እየተረጎመችልኝ፤ «ጀልባ ነው የሠሩልን ቤተ ክርስቲያን? ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ቦታው ጥሩ ነው!»

«እኛ አገር ባሕሩ ከደጅ ጀምሮ ነው የሚጠልቀው! የእናንተ ደግሞ ምን ዓይነት ባሕር ነው?» አልኳት በንዴት።

«ይምጡ ላሳይዎ» ብላ በሩዝ ማሳ መሐል ግማሽ ሰዓት አስኬደችን። አንድ ያረጀ ዘንባባ ሥር ቆመች። «ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ጀልባዬ የታሰረችው እዚህ ግንድ ላይ ነው» አለች። ዙሪያው ሩዝ ብቻ ነው፣ ትሬሲያ! የገመዱ ሰምበር ግን ግንዱ ላይ አለ።

ወንዛቸው ከየት እንደሚነሳ ታውቂያለሽ? ከእኛው ወገን፣ ከምዕራቡ ተራሮች! ጀርባውን ለባሕራችን ሰጥቶ አገር አቋርጦ እዚህ ይመጣል። መንገዱ ረጅም፣ ምድሩ ሜዳ ነውና ይደክመዋል፤ እንደ እጅ ጣት ይከፋፈልና የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ባሕሩም ወደ ኋላ ይላል። የእኛዎቹ ወንዞች ከተራራው ተወርውረው ወዲያው ባሕር ይገባሉ፤ መቼ አፈር አስቀምጠው? ያ ቤታችን ጀርባ ያለው ሐይቅም ድሮ ምድሩ ሰምጦ የገባ ውሃ ነው አለኝ እዚህ ያለው አስተማሪ። ወደባችን ጥልቅ፣ ሜዳችን ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው። ስልሳ ዓመት ኖሬበት አላውቅም ነበር!

ራትናማን «እንግዲያው ይሄ አፈር የእኛ ነው፤ መልሱልን!» ብላት፣ «መጥታችሁ ኑሩበታ፤ ማን ከለከላችሁ?» አለችኝ። እሷ ስትቀልድ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

የጀልባዋን ሆድ ቆርጬ ጠፍጣፋ አደረግኩት። ዛሬ ጠዋት ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ ተንሳፈፈች! ራትናማ ራሷ እልል አለች። ከጓሯችን ያመጣኋቸውን ሦስት የኮኮናት ችግኞችም አዲሱ መሬት ላይ ተክያቸዋለሁ፤ አንዱ ቅጠል አውጥቷል።

እንግዲህ ወደ እርምጃው። «አባቴ ከሠራው ቤት ንቅንቅ አልልም» ብለሽ ተኳርፈን እንደተለያየን አልረሳሁም። ግን ትሬሲያዬ፣ ወደዚህ የተነሳሁ ዕለት ማለዳ፣ አንቺ ሳትነቂ ወጥቼ ለክቼው ነበር። ያኔውኑ ዘጠኝ እርምጃ ነበር። የእኛ ባሕር ደግሞ የወሰደውን መሬት መልሶ አያውቅም። አሥራ አንድ ያልሽው እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። አሁን ስንት እንደቀረ አትጻፊልኝ። ዝናቡ ሳይገባ ነይ። የአባትሽን በር አስነቅለሽ በባቡር አምጪው፤ የምገጥምበትን ቦታ መርጫለሁ። ከዚያ እስከ ባሕሩ ቆጥሬ ቆጥሬ ደከመኝና ተውኩት።

እግዚአብሔር በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ያኮረፍሽው ባልሽ፣
ፓይሊ