ለወይራዋ መሬት የተሸጠችው ላም

አባዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀረው። እናቴ ለሙት ዓመትህ ጌሾ እየወቀጠች ነው፤ እኔ ደግሞ ጀርባዬን ሰጥቻት ይህን እጽፋለሁ። በሕይወት ሳለህ አንቱ ነበር የምልህ። አሁን አንተ የምልህ ስለናፈቅኸኝ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው። አንቱ እያልኩ መናደድ አልቻልኩበትም።

ከሄድክ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ። ንጉሡ ወረዱ። አንተ በሐምሌ ተቀበርክ፣ እሳቸው በመስከረም ወረዱ፤ ነገሬን አደርሰዋለሁ ያልክበት የዙፋን ችሎት ከነዙፋኑ የለም። በየካቲት ደግሞ አዋጅ ወጣ። መሬት ለአራሹ ተባለ፤ በመሬት ላይ የነበረው ክርክር ሁሉ ተዘጋ። ከዚያ ዘማች ተማሪዎች መጥተው ከገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ጋር ማሳውን በገመድ ለኩት። ከወንድምህ ከይመር ጋር ዘጠኝ ዓመት የተሟገትክባት፣ ወይራዋ ሥር ያለችው መሬት ለአንተም ለእሱም አልሆነችም። መሬት ላልነበረው ለሸማኔው ለሰይድ ደረሰችው። ግማሽ ጥማድ አትሞላም። የተዋሳቸውን በሬዎች ጠዋት ጠምዶ ፀሐይ ሳይበረታ አረሳትና ገብስ ዘራባት።

ሰካራም አልነበርክም። ሴት ላይ አላባከንክም፣ ቁማር አልተጫወትክም። ገንዘቡን ጠጅ ቤት ጨርሰኸው ቢሆን ኖሮ ተሳስቶ ነው ብዬ ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር። አንተ ግን አምስት ሳንቲም እንኳ የምታወጣው አስበህ፣ ከልብህ ላመንክበት ነገር ነው። ያመንክበት ደግሞ ሙግት ነበር። ማሩ ሲቆረጥ ለማመልከቻ ጸሐፊው፣ በጉ ሲሸጥ ለጠበቃው። ለእናቴ መቀነት ከገዛህላት ስንት ፋሲካ እንዳለፈ እሷም አታስታውሰውም። ርስት ክብር ነው ትል ነበር። እኛ ምንህ እንደሆንን ግን አንድም ቀን አልነገርከንም።

መካነ ሰላም ልከህ ስድስተኛ ክፍል ያደረስከኝም ለእኔ ብለህ አልነበረም። የክስ ወረቀትህን ለሚያነብልህ ሁሉ እንቁላልና ቅቤ መሸከም ሰልችቶህ ነው። እኩዮቼ ሲዳሩ እኔ ይግባኝ አነብልህ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ግን በቅሎዋ ላይ አስቀምጠኸኝ፣ አንተ ጭቃውን በእግርህ እየረገጥክ ወሰድከኝ፤ ወንዙ ጋ ስንደርስ ፈርቼ ባለቅስ እግሬን ጨብጠህ ይዘህ ነው የተሻገርነው። ይህን አልክድም። ባልወድህ ኖሮ ንዴቴም ይህን ያህል ባልበረታ።

በልጉም መኸሩም ተከታትለው የጠፉ ጊዜ በቤታችን የቀረችው አንዲት የምትታለብ ላም ነበረች። እህቴ የሺ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ነፍሷ የቆመው በዚያች ላም ወተት ነው። አጎቴ ይመር ጎተራው ገና አልተሟጠጠም ነበርና ከልጆቹ አፍ ቀንሶ አንድ ቁና ገብስ ላከልን። እናቴ እያለቀሰች ተቀበለች። አንተ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየኸው። የባላጋራዬን እህል በልቼ ነገ ዳኛ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ አልክ። እናቴ እግርህ ላይ ወደቀች፤ አልሰማሃትም። እኔን አሸክመህ መልሽ አልከኝ፣ መለስኩት። አጎቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ተቀበለኝ። መንገድ ላይ አንድ ጭብጥ ዘግኜ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር። እሱን ቆልቼ ለየሺ ሰጠኋት። ከዚያ ሁሉ ገብስ የቀመሰችው ይህችን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ላሚቱን ወረኢሉ ድረስ ነድተህ ሸጥካት፤ ሰው ሁሉ ከብቱን አውጥቶ በሚጥልበት ገበያ። በቅሎዋን ግን አልሸጥክም። ተሟጋች በእግሩ ሲሄድ ከታየ ባላጋራው ይስቅበታል አልክ። እህል ጭኖ ይመለሳል ብለን ጠበቅን። አንተ በቅሎህን ዘመድ ቤት አስረህ፣ ከዚያው በአውቶቡስ ደሴ ገባህ፤ የይግባኙ ቀጠሮ ደርሶ ነበር።

ስትመለስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ስለወደቀው ሰው አንድ ቃል አላወራኸንም። ያወራኸን ዳኛው ማመልከቻህን ሲያነቡ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን እንደነቀነቁ ነው። ነገሩም ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል። ወረቀቱን ከጋቢህ ሥር አውጥተህ አንብቢልኝ አልከኝ። የሺ ከተቀበረች አራት ቀኗ ነበር። እናቴ እስክትነግርህ ድረስ የት አለች ብለህ አልጠየቅህም። ስትሰማ ራስህን ይዘህ ተቀመጥክ፤ ከዚያ ወረቀቱን መልሰህ ዘረጋህልኝ። አነበብኩልህ። ለምን እንዳነበብኩልህ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሐምሌ ከረሃቡ ጋር የገባው ተስቦ አንተንም ያዘህ። እጄን ይዘህ በማርያም አስማልከኝ፤ በቅሎዋን ሸጠሽ ነገሬን ዙፋን ችሎት አድርሺ አልክ። ጆሮዬን ወደ አፍህ ያስጠጋሁት ስለ የሺ አንድ ነገር ትናገራለህ ብዬ ነበር። ማልኩልህ፣ ሞትክ።

በቅሎዋን ባለፈው ወር ሸጥኳት። ዘመዶች የአባትሽን ስም የሚያስጠራ ድግስ ደግሺበት አሉ፤ እምቢ አልኩ። እናቴ የምትጠምቀው አንድ ጋን ጠላ ለካህናቱና ለነዳያን ይበቃል። አዋጁ ባይወጣ ኖሮም ሙግት ላይ አላውለውም ነበር፤ ይህን እወቅልኝ። በአዋጁ አላመካኝም። ላም ገዛሁበት፣ ከነጥጃዋ። የጠዋቱ ወተት የእናቴ ነው፤ የማታውን ከአጎቴ ልጆች ጋር እንካፈላለን፤ እሱ ደግሞ በበሬዎቹ ያርስልናል። ስለ አንተ ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የምናገረው እኔ ነኝ። ለንስሐ አባታችን መሐላ እንዳፈረስኩ ነገርኳቸው፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ ስግደቱን ጨርሻለሁ። ለላሟ ግን አልተጸጸትኩም፣ አልጸጸትምም።

ነፍስ ይማር ማለት ገና እያቃተኝ ነው። ትረሳኛለች ብለህ ግን አትስጋ። ከእንግዲህ እጄ ላይ ገንዘብ በገባ ቁጥር፣ አሥር ሳንቲምም ብትሆን፣ ሳላወጣት አንተን አስባለሁ። በቤታችን ማን እንደራበው አይቼ ነው እጄን የምፈታው።

እሑድ መቃብርህ ላይ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የሺ ጋ እሄዳለሁ። የአንተ ላይ ድንጋይ ተከምሯል፤ በእሷ ላይ ምልክት የለም፣ ያን ጊዜ ድንጋይ ለማንሳት አቅም አልነበረንም። ያለችበትን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ እኛ እስካለን ቦታዋ አይጠፋም። አንተ የት እንደቀበርናት ሳትጠይቀን ሞትክ።