«ባዶ» ብዬ የጻፍኩት የኮሶዬ ሜዳ

ለተወደድከው ወንድሜ ለናስር

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከሐኪም ትሸሻለህ? የዚያ አገር ብርድ ባለቤትህን ፈህሚያንና ልጆቹን እንዴት አደረጋቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ፤ ዓይኔም ገና መስመር አይስትም።

ኮሶዬ ላይ ለምታሠራው የእንግዳ ማረፊያ የላክኸውን፣ አካባቢን ለማይጎዳ «አረንጓዴ ሕንፃ» የምስክር ወረቀት የሚሞላውን መጠይቅ፣ ከመሐንዲሱ ከደመቀ ጋር ሜዳው ላይ ተቀምጬ ሞላሁት። የሚቆረጥ ዛፍ የለ፣ የሚነካ ማሳ የለ፣ ውኃ አይተኛበት፤ ደመቀ ነጥቡን ሲደምር ፊቱ በራ። «ቀድሞ በቦታው ምን ነበር?» ለሚለው «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። በዚህ መካከል ጎረቤቱ ገበሬ አያ ክንዱ መጣ፤ ጫማውን አውልቆ ወደ ሜዳው «እንደምን አደራችሁ» አለና ለእኛ ደግሞ ደገመው። ደመቀ «ምነው አያ፣ ሁለት ሁለቴ?» ብሎ ቀለደበት። «የፊተኛው ለእናንተ አልነበረም» አለና ዳር ዳሩን ዞሮ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ችካል ልንተክል ስንመለስ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። በመካከሉ ግን ውርጭ ያልነካቸው ጠባብ ቦታዎች፣ ርዝመታቸው የሰው ቁመት የሚያህል፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ። አያ ክንዱን ብንጠይቀው ከአያቱ የሰማውን ነገረን። በወረርሽኝ ዘመን ወደ ስሜን ያቀኑ መንገደኞች እዚያው አልቀው እዚያው ተቀበሩ፤ ስማቸውን የሚያውቅ ስላልነበረ ምልክት አልቆመላቸውም። ከዚያ ወዲህ መሬቱን ያረሰው የለም፤ ያለፈ ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። ደመቀ ግን የአፈሩ ጠባይ ነው አለ።

የአፈር ጠባይ ከሆነ ቁጥሩ አይለወጥም ብዬ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት። አዲሱ፣ መጠይቁን ስሞላ የተቀመጥኩበት ቦታ ነው። ደመቀም ቆጠረ፤ ከዚያ ሲባጎውን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ናስር፣ ያን የምስክር ወረቀት ምን ያህል እንደምትጓጓለት አውቃለሁ፤ ይህን ቦታ ከተውክ ሊያመልጥህም ይችላል። ቢሆንም በምትኩ ከመንገዱ በታች ያለው ተዳፋት እንዲሰጥህ ጠይቅ፤ ነፋስ ይበዛበታል እንጂ የማንም መኝታ አይደለም። እኔ «ባዶ» ያልኩትን ሰርዤ «ሰው አለበት» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ፈህሚያን ሰላም በልልኝ። ኢምራንን ግንባሩን ሳምልኝ። ለይላ አማርኛዋን እንዳትተው፤ ባለፈው ደብዳቤዋ ሦስት ስሕተት አግኝቻለሁ። አያ ክንዱ ሰላም ብሎሃል። እነዚያንም ጫማዬን አውልቄ በአንተ ስም «እንደምን አደራችሁ» ብያቸዋለሁ።

እህትህ ፈትሂያ
አዲስ ዓለም፣ ጎንደር
ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.